ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ በእግር ለሚጓዝ ሰው የሚያስፈልገው ዝግጅት

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ መንገደኛ ነው። ነጋዴው ጨውና ቡናውን በአጋሰስ ጭኖ፥ ተሳላሚው መቋሚያውን ይዞ፥ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ደጋና ቆላውን ሲያቋርጥ ኖሯል። እነዚህ ሰዎች ስንቃቸውን ሳይሰንቁ፥ ማደሪያቸውን ሳይወስኑ፥ የወንዙን መሙላትና መጉደል ሳይጠይቁ ከቤታቸው አይወጡም ነበር። ዛሬ ግን መኪና ርቀቱን ስላሳጠረልን፥ ብዙዎቻችን መንገድ ማለት ተቀምጦ መድረስ ይመስለናል። ስለዚህ አንድ ቀን መኪናው ከማይደርስበት ተራራ ላይ በእግራችን ስንቆም፥ አያቶቻችን በልማድ ያውቁት የነበረውን ነገር እኛ እንደ አዲስ ልንማረው ግድ ይሆንብናል። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ እንዲሆነንም በባሌ ተራሮች ላይ የሚገኘውን የገርባ ጉራቻን ሐይቅ መርጫለሁ።

ገርባ ጉራቻ ማለት በኦሮምኛ ቋንቋ ጥቁር ባሕር ወይም ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ስፍራው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከሰንቴ አምባ በስተ ሰሜን ባለው ጠርዝ፥ የቶጎና ሸለቆ ከሚጀምርበት ከገደሉ ሥር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 3,950 ሜትር ያህል ይሆናል። ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፥ ጥልቀቱም ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ረጅም ነው። በጥንት ዘመን የባሌ ተራሮች ጫፍ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር፤ ያ ግግር በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ሲንሸራተት ዐለቱን እንደ መሮ ፈልፍሎ ጎድጓዳ ስፍራ አበጀ፤ በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላም ጎድጓዳው ውሃ ቋጠረ። ሊቃውንት ከሐይቁ ወለል በመሰርሰሪያ ያወጡት ደለል ወደ 16 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ሲሆን፥ የታችኛው ድርብ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት የተጠራቀመ መሆኑ ታውቋል። በደለሉ ውስጥ በየዘመኑ የወደቀው የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት ተጠብቆ ስለ ተገኘ፥ አስታው መቼ እንደ ተስፋፋ፥ ተራራውም መቼ በእሳት እንደ ተቃጠለ ከዚያ ለማንበብ ተችሏል። እንግዲህ ይህ ትንሽ ሐይቅ የአገሪቱ የአየር ጠባይ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

ሰውም ለዚህ ተራራ እንግዳ አይደለም። በዌብ ሸለቆ አጠገብ ፊንጫ ሀበራ በተባለው ስፍራ፥ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፥ ከ31 ሺህ እስከ 47 ሺህ ከሚደርስ ዓመት በፊት ሰዎች በዋሻ ይኖሩ እንደ ነበር በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አስረድቷል። እነዚያ ሰዎች ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ውሃ ከበረዶው ቅላጭ ያገኙ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውንም ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚገኘው ሸንተረር እየወጡ ያመጡ ነበር። ምግባቸው የት እንዳለ፥ ውሃቸው የት እንዳለ፥ ድንጋያቸው የት እንዳለ፥ ማታም የት እንደሚጠለሉ አውቀው ይንቀሳቀሱ ነበር ማለት ነው። የጉዞ ዝግጅት የምንለውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ወራቱ ነው። በባሌ ተራሮች ዝናሙ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ መንገዱ ይጨቀያል፥ ጅረቱ ይሞላል፥ ጭጋጉም ከጥቂት እርምጃ በላይ አያሳይም። ስለዚህ ለእግረኛ የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ነገር ግን በጋ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሚሆን መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚሸፍንላት ደመና የለም፤ ሙቀቱም ወደ ላይ ያመልጣል። ከዚህ የተነሣ ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ሌሊት በድንኳኑ ላይ ውርጭ ሲጋገር ያያል፤ በጣሳ የተቀመጠ ውሃም እስኪነጋ ይረጋል። በዚያ ከፍታ ላይ ቀትሩና ሌሊቱ የአንድ አገር አየር አይመስሉም።

ይህንንም በቁጥር መገመት ይቻላል። በተራራ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። የጎባ ከተማ ከፍታ 2,700 ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቁ ደግሞ 3,950 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 1,250 ሜትር ስለሆነ፥ በጎባ ብርድ ተሰማኝ ያለ ሰው በሐይቁ ዳር ከዚያ በስምንት ዲግሪ የበረደ አየር እንደሚጠብቀው ይወቅ። ነፋስና እርጥብ ልብስ ሲጨመሩበት ብርዱ እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአየሩ መሳሳት ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሰውነታችን ይህን ሊለምደው ይችላል፥ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ያልተሰጠው ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ እንቅልፍ ይነሣዋል፥ ምግብም ያስጠላዋል። ይህ ምልክት የታየበት ሰው ባለበት ዐርፎ እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ መውጣት የለበትም። ሲራመድ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፥ ንግግሩ ከተምታታ፥ ወይም ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ነገሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ነውና፥ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ሰው አስይዞ ቢያንስ 500 ሜትር፥ ቢቻልም አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ማውረድ ያስፈልጋል። ለዚህ በሽታ ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለም።

ይህ በሽታ ጉልበተኛና ደካማ፥ ወጣትና ሽማግሌ ብሎ አይመርጥም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው በጉልበቱ ተማምኖ የሚቸኩለውን ነው። ለምሳሌ ሁለት ወዳጆች ለሦስት ቀን ዕረፍት ከአዲስ አበባ ተነሡ እንበል። አንደኛው፥ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው የመኪና መንገድ የሰንቴን አምባ አቋርጦ ስለሚያልፍ፥ በመኪና ወጥተን በዚያው ቀን ማታ ሐይቁ ዳር እንደር ይላል። ሁለተኛው ግን፥ ሦስት ቀን ካለን ሐይቁን ለሌላ ጊዜ ትተን በዲንሾ ዙሪያ እንመላለስ ይላል። የመጀመሪያው ሐሳብ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ከ2,400 ሜትር ተነሥቶ ወደ 4,000 ሜትር ወጥቶ ማደር ማለት ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፥ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲደረግ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ወዳጅ ምክር የፈሪ ምክር ሊባል አይገባውም፤ የአዋቂ ምክር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለም?

ሦስተኛው ጉዳይ መንገዱንና ማደሪያውን መከፋፈል ነው። ከላይ የተናገርነውን ሕግ ለመጠበቅ የሚመቸው የዲንሾ መንገድ ነው። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት በዲንሾ፥ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ አንድ ሌሊት ወይም ሁለት ሌሊት ማደር የልምምዱ መጀመሪያ ነው፤ በዚያውም በጥዱና በኮሶው ዛፍ መካከል የደጋ አጋዘን ሲሰማራ ለማየት ይቻላል። ከዚያ መንገደኛው የዌብን ሸለቆ ይዞ፥ የፊንጫ ሀበራን ፏፏቴ አይቶ በላይኛው ሸለቆ ያድራል። በማግሥቱ ወደ ቄረንሳ፥ ቀጥሎም የድንጋይ ዓምዶች ወደ ቆሙበት ወደ ራፉ፥ ከዚያም ወደ ገርባ ጉራቻ ይደርሳል። መመለሻውን በወርጎና በኩል አድርጎ ዲንሾ ለመግባት በጠቅላላው ስድስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። በዚህ አኳኋን የተጓዘ ሰው ከፍታው በየቀኑ በጥቂቱ ስለሚጨምርለት፥ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ደሙም ሳንባውም ተራራውን ለምደውታል። በስድስቱ ቀን ላይ አንድ ትርፍ ቀን መያዝም መልካም ነው፤ ጭጋግ ቢውል፥ የታመመ ሰው ቢኖር ያ ቀን ዋጋው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

አራተኛው የሰዓት ሒሳብ ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ያወጣው ቀላል ሒሳብ እስከ ዛሬ ያገለግላል። እርሱ እንዳለው ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፥ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። 12 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ በዚህ ሒሳብ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ነገር ግን ይህ አየሩ ላልሳሳበት አገር የተሠራ ሒሳብ ነውና፥ ለባሌ ከፍታ ግማሹን ብንጨምርበት 5 ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ለምሳና ለዕረፍት አንድ ሰዓት ስንጨምር 6 ሰዓት ይመጣል። እንግዲህ ከጧቱ በ1 ሰዓት የተነሣ ሰው በ7 ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው። በተራራ ላይ ደመናው የሚሰበሰበው፥ በረዶውና መብረቁም የሚበዛው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፥ ይህ ሰዓት ተስማሚ ነው። በአገራችን ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ጠልቃ ወዲያው ይጨልማል፤ ስለዚህ በ6 ሰዓት የተነሣ ሰው ድንኳኑን በጨለማና በውርጭ ሊተክል ነው።

አምስተኛው ጭነቱና ስንቁ ነው። በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ የተነሣ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ብዙ ነዳጅም ይባክናል። በዚህ ረገድ የአገራችን ስንቅ ለተራራ የተፈጠረ ይመስላል። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ቋንጣ፥ እንዲሁም የአርሲና የባሌ ሰው ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚያዘጋጀው ጭኮ እሳት ሳይፈልጉ ይበላሉ፥ ኀይልም ይሰጣሉ። የሚጠጣው ውሃ ግን ከጠራ ጅረት ቢቀዳም ከብት ከሚሰማራበት ተራራ የሚወርድ ስለሆነ ለሦስት ደቂቃ ያህል ይፍላ። ለመብሰያ የሚሆን የጋዝ ወይም የነዳጅ ምድጃ መያዝ ግዴታ ነው፤ እንጨት ከተራራው መቁረጥ አይገባም።

ልብስ በላይ በላዩ የሚደረብ ይሁን። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሦስት ቀለል ያለ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ አቀበት ሲወጡ አንዱን ለማውለቅ፥ ሲያርፉም መልሶ ለመልበስ ይመቻልና። ጥጥ ላብና ዝናም ጠጥቶ ከሰውነት ሙቀት ስለሚወስድ ለተራራ አይሆንም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ይሞቃል። ዝናምና ነፋስ የማያሳልፍ መደረቢያ፥ የሱፍ ቆብ፥ የእጅ ሹራብ፥ ለዚህ ብርድ የሚስማማ የመኝታ ከረጢት፥ ከመሬት የሚለይ ምንጣፍና በሚገባ የተፈተነ ጫማ ያስፈልጋል። በዚያ ከፍታ የፀሐዩ ጨረር ስለሚበረታ ባርኔጣና መነጽርም አይረሳ። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለሌሊት ብቻ ይቀመጥ። ከውርጩ ይልቅ ሰውን ቶሎ የሚጥለው እርጥብ ልብስ ከነፋስ ጋራ ነው። ጓደኛችሁ እየተንቀጠቀጠ ቢቆይና በኋላ መንቀጥቀጡን ትቶ ዝም ቢል፥ ተሻለው ብላችሁ አትደሰቱ፤ ሰውነቱ ሙቀት ማመንጨት እየተሳነው ነው። ወዲያው ከነፋስ አስጠልላችሁ፥ እርጥቡን አውልቃችሁ፥ በደረቅ ልብስ ጠቅልላችሁ፥ መዋጥ ከቻለም ትኩስ ጣፋጭ ነገር አጠጡት።

ስድስተኛው ጉዳይ መሪ ነው። ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ የጭነት ፈረስና ባለፈረስ፥ መንገድ መሪም በዲንሾ ይገኛል። መሪው ጅረቱ በየት እንደሚሻገሩት፥ ጭጋግ በወረደ ጊዜ የትኛው ሸንተረር ወደ ገደል እንደሚያደርስ ያውቃል። እረኛውንና ባላገሩን በቋንቋው ሰላም ብሎ በግጦሹ ላይ የሚያሳልፍህም እርሱ ነው። ደመወዙን አስቀድሞ መስማማት፥ የእርሱና የባለፈረሱ ስንቅ፥ መኝታና ልብስ የተሟላ መሆኑን መጠየቅ የመንገደኛው ግዴታ ነው። በውርጭ ሌሊት መንገደኛው በድንኳን ተኝቶ ባለፈረሱ በጋቢ ብቻ ውጭ ቢያድር፥ ያ ጉዞ የሚያስመሰግን ጉዞ አይደለም። ከመነሣት በፊትም ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፥ የሚታደርበትን ስፍራና የመመለሻውን ቀን በወረቀት ጽፎ ለቤተ ሰብ መተው ይገባል። በአምባው ላይ ስልክ ይሠራል ብሎ መታመን አይበጅም፤ የቀረውን ሰው ለመፈለግ የሚረዳው ያቺ ወረቀት ናት።

በመጨረሻ የመንገደኛው ግዴታ ለራሱ ብቻ አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚህ ተራራ የሚነሡት ወንዞች በቆላው ለሚኖሩ ሚሊዮኖች፥ እስከ ሶማሊያ ድረስ፥ ውሃ ይሆናሉ። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎችም ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በዚሁ ነው። ቀይ ቀበሮ ሰውን አይነካም፤ ቀን ቀን አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል። ጠላቱ ከውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ በዚህ በሽታ አልቀዋል። ስለዚህ ወደዚያ ውሻ ይዞ መሄድ፥ የምግብ ትራፊ ጥሎ ውሻን ወደ ሸለቆው መሳብ ቀበሮውን ከመግደል አይለይም። በብርድ አገር ቆሻሻ ቶሎ አይበሰብስም፤ የተሸከሙትን ቆርቆሮና ላስቲክ መልሶ መሸከም ይገባል። መጸዳጃም ከውሃ ቢያንስ መቶ እርምጃ ርቆ ተቆፍሮ ይደፈን፤ ሳሙናም በሐይቁ ውስጥ አይግባ። 16 ሺህ ዓመት ሙሉ ተራራው የጻፈበትን መዝገብ እኛ በአንድ ሳምንት ልናበላሸው አይገባንም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠቀለል፥ ጉዞ የሚጀመረው ከቤት ነው የሚል ነው። ወራቱን የመረጠ፥ ከፍታውን የከፋፈለ፥ ሰዓቱን ያሰላ፥ ስንቁን ያሰናዳ፥ መሪውን ያከበረ ሰው የገደሉ ጠርዝ ላይ ደርሶ ያንን ጥቁር ውሃ ከጅባራው መካከል ቁልቁል ሲመለከት ልቡ በደስታ እንጂ በጭንቀት አይመታም። ይህን ሁሉ አድርጎም ቢሆን ጭጋጉ እምቢ ካለ፥ ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ከታመመ፥ ሐይቁ አንድ ሸንተረር ብቻ ቀርቶት ሳለ ፊቱን ይመልስ። ይህን ውሳኔ በተራራው ላይ፥ በድካምና በጉጉት መካከል ለመወሰን ያስቸግራልና፥ ምን ቢሆን እንመለሳለን የሚለውን ገና በዲንሾ ሳሉ ተነጋግሮ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሐይቁ ብዙ ሺህ ዓመት ቆይቷል፤ ለከርሞም አይጠፋም። ከቤት የሚጠብቁን ሰዎች ግን የሚፈልጉት የሐይቁን ወሬ ሳይሆን እኛን ራሳችንን ነው።